ጎታ ውስጥ የቀረችው ገብስ

አዲስ አበባ ላይ በየካቲት ሰማዩ ሲጠቁር ወሬያችን ጃንጥላና ታክሲ ነው። «ደሞ ያለ ጊዜው!» እንላለን። ያንኑ ደመና ግን የመንዝ ገበሬ በጉጉት ሲጠብቀው ከርሟል። ለእሱ ጊዜው ነው፤ በልግ ነዋ!

በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ደጋዎች ክረምቱ በረዶና ውርጭ ያበዛል፤ ውሃ የሚተኛበት ማሳም ብዙ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ተስፋውን በበልግ ገብስ ላይ ይጥላል። ዝናቡ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፤ ያኔ የተዘራው በሰኔና በሐምሌ ይደርሳል። የሚደርሰውም የመኸር አገር ጎተራውን አራግፎ አዲስ እህል በሚናፍቅበት ሰዓት ነው።

ጭንቁ ያለው ጅማሬው ላይ ነው። ጎታ ውስጥ የቀረችው ገብስ ዘርም ናት፣ ቀለብም ናት። የመጀመሪያው ዝናብ ጣል ሲያደርግ አባወራው ከማሳው አፈር ዘገን አድርጎ ይጨብጣል። ይዝራ? ዘርቶ ዝናቡ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢጠፋ ቡቃያው ይደርቃል፤ ዘሩም ቀለቡም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ይቆይ? ዘግይቶ የተዘራው ሳይደርስ ክረምቱ ይገባበታል። አንዳንዱ ዘሩን ከፍሎ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በሁለተኛው ዝናብ ይበትናል።

የጎታውን ልክ የምታውቀው ግን እማወራዋ ናት። «ይቺ ለዘር፣ ይቺ ለበሶ» ብላ በቁና ሰፍራ የለየችው እሷ ነች። ባል «ትንሽ ጨምሪልኝ እንጂ» ሲል «ልጆቹስ?» ትለዋለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የበሬውም ነገር አለ። በጋው ሲያልቅ ሳር የለም፤ በጭድ የከረመ በሬ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ፣ አንድ ቀን የእኔ፣ አንድ ቀን ያንተ እየተባባሉ ያርሳሉ። እርጥበቱ ግን ተራ አይጠብቅም።

በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከዳ፤ ክረምቱም በኤልኒኖ ተዛባ። በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚሻው ወገን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ቁጥሩ ሲነገር ይከብዳል፤ አጀማመሩ ግን በአንድ ማሳ ላይ የደረቀ ቡቃያ፣ በአንድ ቤት ውስጥ የተራገፈ ጎታ ነው።

ለዚህ ገበሬ «የተሻለ እርጥበት ይኖራል» የሚል ትንበያ ብቻውን አይበቃውም። ዝናቡ መቼ ገብቶ ስንት ቀን ሊያርፍ እንደሚችል በጊዜ ቢነገረው፣ ቡቃያው ቢደርቅ ደግሞ ዳግም የሚዘራው ዘር በቅርቡ ቢያገኝ፣ ያቺን የጎታ ገብስ እንዲህ ተጨንቆ አይበትናትም ነበር።

እኛስ? በመጪው የካቲት ዝናብ መንገድ ላይ ሲይዘን ጃንጥላችንን እንዘርጋ፤ «ያለ ጊዜው» ማለቱን ግን እንተው።