ላዩ በረዶ፣ ታቹ ሙቀት፤ እኩል የማያቀዘቅዝ ፍሪጅ ምን ይነግረናል?

በቤትዎ ባለው ፍሪጅ ውስጥ ከላይ ያስቀመጡትን ሥጋ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ፣ ከታች ያኖሩትን ወተት ደግሞ ጎምዝዞ ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ? ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመው ከሁለቱ አንዱን ያደርጋል። ወይ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ቁጥር ያዞረዋል፤ ወይም ሠራተኛ ጠርቶ «ጋዙ አልቋል» ሲባል ከፍሎ ዝም ይላል። የመጀመሪያው ዘዴ ብዙውን ጊዜ በረዶውን ከማብዛት በቀር የሚፈይደው የለም። ሁለተኛውም ቢሆን ደመወዙን በየወሩ አብቃቅቶ ለሚኖር ሰው ቀላል ወጪ አይደለም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና፣ ከመክፈል በፊት መመርመር ይቅደም እንላለን።

ፍሪጅ ብርድን አይፈጥርም

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ጠባይ እንወቅ። ፍሪጅ ሙቀትን ከውስጥ እያወጣ ወደ ውጭ የሚጥል መሣሪያ ነው እንጂ ብርድን የሚፈጥር አይደለም። በሸክላ እንስራ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው በላብ መልክ የወጣው እርጥበት ወደ አየር በሚተንበት ጊዜ ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ ነው። በፍሪጁ ቧንቧ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ሞተሩ ጋዙን ጨምቆ ያሞቀዋል። የሞቀው ጋዝ ከኋላ ወይም ከጎን ባለው ቧንቧ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም በቀጭን ቧንቧ አልፎ ወደ በረዶ ቤቱ ሲገባ እንደ ገና ይተንና የምግቡን ሙቀት ይወስዳል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ቁም ነገር እናገኛለን። ጋዙ በዝግ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር እንጂ እንደ መኪና ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። የጎደለ እንደ ሆነ አንድ ቦታ ሾልኮ ወጥቷል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግና ሳይደፈን አዲስ ጋዝ መሙላት በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መጨመር ይቆጠራል። እንግዲህ በረዶ ቤቱ በደንብ እያበረደ ታችኛው ክፍል ብቻ ቢሞቅ፣ ብዙውን ጊዜ ሞተሩም ጋዙም ጤነኞች ናቸው፤ የጎደለው ብርዱ ወደ ታች የሚደርስበት መንገድ ነው።

በእጅ ሳይሆን በመለኪያ

የእጅ ስሜት ያታልላልና አንድ ቴርሞሜትር ይፈልጉ። ትክክለኛነቱን ለማወቅ በተፈጨ በረዶና በጥቂት ውሃ ውስጥ ይክተቱት፤ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሳየት አለበት። ከዚያ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አድርገው በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያሳድሩት። በማግሥቱ ከላይ፣ በሦስተኛው ሌሊት ከታች፣ በመጨረሻም በበሩ ኪስ ውስጥ ያሳድሩትና ቁጥሩን በወረቀት ይጻፉ። የምግቡ ክፍል ሳይበርድ እስከ በረዶ ሳይደርስ 4 ዲግሪ አካባቢ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ፣ በረዶ ቤቱም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። የበሩ ኪስ በተከፈተ ቁጥር ስለሚሞቅ ለወተት የሚመረጥ ስፍራ አይደለም።

ይህ ልዩነት የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምግብን የሚያበላሹና ሰውን የሚያሳምሙ ብዙ ተሕዋስያን ከ4 ወይም ከ5 ዲግሪ በላይ ሲሆን ፈጥነው ይራባሉ። በቤት ውስጥ የስኳር በሽተኛ ካለ ደግሞ ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቦታ ነው። አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም እንኳ መጣል አለበት። ስለዚህ እኩል የማያቀዘቅዝ ፍሪጅ ከላይ በብርድ፣ ከታች በሙቀት መድኃኒትን ሊያበላሽ ይችላል።

ገንዘብ የማይጠይቁ አራት ምርመራዎች

1ኛ፤ የአየሩን መንገድ ይመልከቱ። ባለ አንድ በር ፍሪጅ ላይ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለ ሆነ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሞቃቱም ወደ ላይ ይወጣል። መደርደሪያው እንዳይቆሽሽ ተብሎ ጋዜጣ ወይም ላስቲክ ቢነጠፍበት፣ ድስቱም ከድስት ጋር ተጣብቆ ቢደረደር፣ ይህ ዝውውር ይቋረጣል። ንጣፉን ያንሡ፤ በዕቃዎቹ መካከል ክፍተት ይተዉ፤ ትኩስ ወጥም እንደ ወረደ አያስገቡ።

2ኛ፤ በሩን ይፈትኑ። አንድ ወረቀት በበሩ ላስቲክ መካከል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት። ያለ ምንም ችግር ከወጣ በዚያ በኩል ሙቀት ይገባል ማለት ነው። በአራቱም ማዕዘን እንዲሁ ይሞክሩ። ላስቲኩን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከተሰነጠቀ ግን ይለወጥ። የፊት እግሮቹን በጥቂቱ ከፍ ቢያደርጓቸው በሩ በራሱ ክብደት ይዘጋል።

3ኛ፤ ጀርባውን ያጽዱ። ሶኬቱን ነቅለው በኋላ ባለው ቧንቧ ላይ የተጋገረውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ በኩል ነውና ፍሪጁን ከግድግዳው ትንሽ ያርቁት፤ ከምድጃና ከፀሐይም ይጠብቁት።

4ኛ፤ በረዶውን ያቅልጡ። በረዶ ራሱ ሙቀትን በደንብ አያሳልፍምና፣ ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ሲደርስ «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ያስፈልጋል። ሶኬቱን ነቅለው በሩን ይክፈቱና በራሱ ጊዜ ይቅለጥ። በቢላዋ መፈቅፈቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። ጋዙ የሚያልፍበት ቧንቧ ከበረዶው በታች ስለ ሆነ፣ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ፍሪጁን ከጥቅም ውጪ ልታደርገው ትችላለች።

ባለ ሁለት በሩ ፍሪጅ

«ኖ ፍሮስት» የሚባለው ዓይነት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ብዙዎቹ የሚያቀዘቅዘውን ቧንቧ ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ በስተጀርባ ደብቀው፣ ብርዱን በትንሽ ማራገቢያ ወደ ታች ይልካሉ። በቧንቧው ላይ የሚሠራውን አመዳይ በየጊዜው የሚያቀልጥ ማሞቂያም አላቸው። ማሞቂያው ሲበላሽ አመዳዩ ተቆልሎ የአየሩን መንገድ ይዘጋል፤ ላዩ እየበረደ ታቹ ይሞቃል።

ይህን ለመለየት ፍሪጁን ባዶ አድርገው፣ ሶኬቱን ነቅለውና በሮቹን ከፍተው አንድ ቀን ከነሌሊቱ ይተዉት። መልሰው ሲሰኩት ደህና ሠርቶ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ችግር ከተመለሰ፣ ጥርጣሬው በማሞቂያው ወይም በመቆጣጠሪያው ላይ ነው። ሞተሩ እየሠራ የማራገቢያው ድምፅ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ማራገቢያው ይታይ። በሩ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ስለሚቆም የበሩን ማብሪያ በጣትዎ ተጭነው ያዳምጡ።

ለባለሙያ የሚተወው

ቧንቧ መቁረጥና ጋዝ መሙላት የባለሙያ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ብዙዎቹ የቤት ማቀዝቀዣዎች እንደ አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ባሉ መርዛም ጋዞች ይሠሩ ስለ ነበር፣ የሾለከው ጋዝ ሰው ይገድል ነበር። አልበርት አይንስታይንና ሊዮ ዚላርድ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ የማያፈስ ማቀዝቀዣ ለመሥራት የደከሙት በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ የመጣው መርዝ የሌለበት ጋዝ ደግሞ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት እንዲቀር ተወሰነ። ዛሬ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አይሶቡቴን የሚባል ጋዝ ነው። ኦዞንን ባይጎዳም በእሳት ይቀጣጠላልና፣ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ «አር-600ኤ» የሚል ከሆነ በአጠገቡ እሳት አያቅርቡ።

ጋዝ በእርግጥ ሲጎድል የራሱ ምልክት አለው። በባለ አንድ በሩ ፍሪጅ፣ በረዶው በበረዶ ቤቱ በሙሉ ሳይሆን በአንድ ወገን ብቻ ይይዛል፤ ሞተሩም ሳያርፍ ይሠራል። ያን ጊዜ ሠራተኛውን «የሾለከው የት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ማናቸውንም ነገር ካስተካከሉ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ሳይጠብቁ ሌላ አይንኩ፤ የትኛው እንደ ረዳዎ አይታወቅምና። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ፍሪጁን ከመሰካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ይታገሡ። ምርመራው ሁሉ ካልረዳ፣ የጻፉትን ወረቀት ለሠራተኛው ያሳዩት። ቁጥሮቹን ያየ ባለሙያ ምርመራውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፤ እርስዎም ገንዘብዎን የከፈሉበትን ምክንያት ያውቃሉ።