ፈረስ መጀመሪያ ለሚገዛ ሰው

ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፤ ዳግማዊ ምኒልክም አባ ዳኘው ተብለው በፈረስ ስም ይጠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በፈረሱ ሊከበር የሚወድ ሰው ግን አስቀድሞ የፈረሱን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል።

ልምድ የሌለው ባለ ፈረስ ብዙ ጊዜ ፈረሱን የሚጎዳው በንፍገት ሳይሆን ያለ ልክ በመቸር ነው። የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ግዙፍነት ጋራ ሲተያይ ትንሽ ነው፤ የሚይዘውም ከ8 እስከ 15 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ደግሞም የበላውን ሊያስታውክ አይችልም። ስለዚህ ጌታውም፤ ሎሌውም፤ ልጆቹም በፍቅር እየተፈራረቁ ገብስ ቢጨምሩለት በሆድ ቁርጠት ሊሞት ይችላል።

እንግዲህ ቁናው በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ዋና ምግቡ ሣርና ድርቆሽ ነው፤ ገብሱ በጥቂት በጥቂቱ ተከፍሎ ይሰጠው፤ ንጹሕ ውሃም አይታጣበት። መኖውን መለወጥ ቢያስፈልግ ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ ቀስ በቀስ ይሁን።

ፈረሱ መብል እንቢ ቢል፤ ወደ ጐኑ እየዞረ ቢመለከት፤ መሬት ቢጭርና ቢንከባለል፤ ነገ ይሻለዋል ሳይባል የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ሎሌ መቅጠር መልካም ነው። ነገር ግን ጌታው በየማለዳው ግርግሙን፤ ሰኰናውንና ጀርባውን በገዛ ዓይኑ ይመልከት፤ ፈረስ ሕመሙን በቃል ሊናገር አይችልምና።