«ምን ላምጣልህ?» ሲሏችሁ፦ ፌንደር፣ ጊብሰን ወይስ ሌላ? የኤሌክትሪክ ጊታር አመራረጥ በየበጀቱ

አጎት ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። ከመነሳቱ በፊት ይደውልና «ምን ላምጣልህ?» ይላል። ጊታር የሚወደው ልጅ መልሱን ካዘጋጀ ቆይቷል፦ «ጊብሰን!» አጎት እሺ ብሎ ስልኩን ይዘጋል፣ ዋጋውን ኢንተርኔት ላይ ያያል፣ ይደነግጣል። በመጨረሻ ጫማ ይዞ ይመጣል። 😄

ያስቃል፤ ግን አጎት ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ጥያቄያችን ነው የተሳሳተው። ስም ጠየቅን እንጂ ጊታር አልጠየቅንም። በጊብሰኑ ዋጋ ሩብ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ጥሩ ጊታር መምጣት ይችል ነበር። እንዲህ ዓይነት እድል ደግሞ በየዓመቱ አይገኝም። በራሱ ደሞዝ ቆጥቦ ለሚገዛም ነገሩ ያው ነው፤ አንዴ ከተሳሳቱ ሁለተኛ ለመግዛት ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

ስለዚህ ዛሬ ታላላቆቹ ብራንዶች በምን እንደሚለያዩ፣ በየኪሳችን አቅም የትኛው እንደሚያዋጣ እና ከውጭ ሲመጣ ምን መጠንቀቅ እንዳለብን እንይ። ዋጋዎቹ በአሜሪካ ሱቆች የአዲስ ጊታር ግምት ናቸው፤ ከፍም ዝቅም ይላሉ፣ ታክስና ቀረጥን አይጨምሩም።

🎸 መጀመሪያ ድምፁን፣ ከዚያ ስሙን

የኤሌክትሪክ ጊታር ዓለም በጥቅሉ ሁለት ትልልቅ ቤተሰብ አለው።

አንደኛው ፌንደር ነው። መሥራቹ ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ድርጅቱን በ1946 አቋቋመ። ቴሌካስተር በ1951፣ ስትራቶካስተር ደግሞ በ1954 ወጡ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መለያቸው «ሲንግል ኮይል» የሚባለው ፒክአፕ ነው፦ ጥርት ያለ፣ እያንዳንዱ ክር ተለይቶ የሚሰማበት ድምፅ። ጉዳቱ እዝዝዝ የሚል የመብራት ድምፅ ማስገባቱ ነው። መስመሩ ጥሩ ባልሆነ ቤት ይሄ እዝታ በደንብ ይሰማል።

ሁለተኛው ጊብሰን ነው። በ1902 ሚሺጋን ውስጥ ተቋቋመ፤ አሁን ዋና ከተማው ናሽቪል ነው። ታዋቂው ሌስ ፖል የወጣው በ1952 ነው። የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1950ዎቹ አጋማሽ «ሃምባከር» የሚባለውን ፒክአፕ ሠራ። ሁለት ጥቅል ሽቦ ጎን ለጎን በተቃራኒ ተያይዞ አንዱ የሌላውን እዝታ ያጠፋል። ስሙ ራሱ «እዝታ አጥፊ» እንደማለት ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ሞላ ያለ ነው፤ ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ያምርበታል።

ሌላም ልዩነት አለ። ክሩ የሚወጠርበት ርዝመት በፌንደር 648 ሚሊ ሜትር፣ በጊብሰን 628 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ምን ይለውጣል ትሉ ይሆናል። ያው ክር በአጭሩ ላይ ላላ ስለሚል ለጣት ይቀላል፤ ክሩን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግም (ቤንድ) ያንን ያህል ጉልበት አይጠይቅም።

ታዲያ የትኛው? የምትወዷቸውን ሦስት ዘፈኖች በኢርፎን ክፈቱና ጊታሩን ብቻ ተከታተሉ። ትዝታና ባቲን እንደ ክራር ነጠላ ነጠላ እየነካካችሁ መጫወት ከሆነ ሕልማችሁ፣ ወደ ፌንደር ቤተሰብ አዘንብሉ። እንደ ጃኖ ባንድ ሮክ ከሆነ ደግሞ ወደ ሃምባከር። «እኔ ሁሉንም ነው፤ ቸርችም እጫወታለሁ፣ ቤትም እሞክራለሁ» ለሚል ሁለቱንም ዓይነት ፒክአፕ የያዘ ጊታር አለ፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

🎸 አንድ ስም፣ ብዙ ፋብሪካ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ፌንደር ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ፌንደር አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይሠራል፤ ሜክሲኮም ይሠራል። ከሥሩ ደግሞ «ስኳየር» የሚባል ርካሽ ብራንድ አለው፤ እሱ በአብዛኛው እስያ ነው የሚመረተው። ቅርጹ አንድ ነው፤ ዋጋው ግን ከጥቂት መቶ ዶላር ጀምሮ እስከ 2,000 እና ከዚያ በላይ ይሄዳል።

ጊብሰንም እንዲሁ ነው። የጊብሰን ስም ያለባቸው የኤሌክትሪክ ጊታሮች የሚሠሩት አሜሪካ ነው። ርካሹ ወንድሙ «ኤፒፎን» ይባላል፤ ጊብሰን በ1957 የገዛው የቆየ ብራንድ ነው። ሌስ ፖልን በራሱ ቅርጽ በሕጋዊ መንገድ የሚሠራው እሱ ነው።

ሦስተኛው ታላቅ ስም ፒ.አር.ኤስ ነው። ፖል ሪድ ስሚዝ በ1985 ሜሪላንድ ውስጥ መሠረተው፤ ዲሲ እና አካባቢው ዘመድ ላላችሁ ጎረቤት ማለት ነው። የክሩ ርዝመት 635 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በፌንደርና በጊብሰን መካከል ነው። «ኤስ.ኢ» የተባለው ረከስ ያለ መስመሩ በአብዛኛው ኢንዶኔዥያ ይመረታል።

ዋጋው ሲጨምር ምን ይጨምራል? የሠራተኛው ክፍያ፣ የእንጨቱ ምርጫ፣ የፍሬቶቹ ጠርዝ ልስላሴ፣ ፒክአፑ፣ የመቃኛው ቁልፍ ጥራት። ግን ጭማሪው እኩል አይሄድም። ከ150 ወደ 400 ዶላር ስትወጡ ልዩነቱን እጃችሁም ጆሯችሁም ያውቀዋል። ከ400 ወደ 800 ሲሆን እጃችሁ ያውቀዋል። ከ1,800 ወደ 4,000 ሲሆን ግን ከመድረክ ሥር የቆመ ሰው ለይቶ አይሰማውም።

💵 እስከ 350 ዶላር

እዚህ ጋ የመጀመሪያ ምርጫችን ያማሃ ፓሲፊካ 112 ነው። ለድልድዩ ቅርብ ሃምባከር፣ ከሱ በላይ ሁለት ሲንግል ኮይል አለው። «ሁሉንም ነው» ያላችሁት ልጆች፣ የናንተ ይሄ ነው። ስኳየር አፊኒቲ እና አይባኔዝ ጂዮ በዚሁ ሠፈር ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ዋጋ ፍሎይድ ሮዝ የሚባለውን ተንሳፋፊ ድልድይ ያለው ጊታር አትግዙ። ሲታይ ያምራል፤ ግን አንድ ክር ስትቃኙ ሌሎቹ አምስቱ ይዛባሉ። ርካሽ ሲሆን ደግሞ ብረቱ ቶሎ ይበላል። ጀማሪን ተስፋ ያስቆርጣል።

💵 ከ400 እስከ 900 ዶላር

ብዙው ሰው ማቆም ያለበት እዚህ ነው። ስኳየር ክላሲክ ቫይብ ወደ 450፣ ኤፒፎን ሌስ ፖል ስታንዳርድ ወደ 700፣ ፒ.አር.ኤስ ኤስ.ኢ ከ600 እስከ 900 አካባቢ፣ የሜክሲኮው ፌንደር ፕሌየር ከ800 ከፍ ብሎ ይገኛል። በነዚህ መድረክ ላይ መውጣት ይቻላል፣ ስቱዲዮ መግባትም ይቻላል። ከዚህ በኋላ የጎደለው ልምምድ ነው እንጂ ጊታር አይደለም።

ያገለገለ መግዛትንም አትናቁ። የሜክሲኮ ፌንደር በጥሩ ይዞታ ላይ ሆኖ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ከሩብ እስከ ሲሶ ቀንሶ ይገኛል። ጊታር እንደ ስልክ አይደለም፤ አሥር ዓመት ስላገለገለ አያረጅም።

💵 ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር

የአሜሪካው ፌንደር ፕሮፌሽናል፣ የጊብሰን ኤስ.ጂ እና ሌስ ፖል ስቱዲዮ፣ ጃፓን የሚሠራው አይባኔዝ ፕሬስቲጅ ይገኛሉ። ይሄ በሳምንት ሦስት አራት ቀን እየተጫወተ ለሚከፈለው ሰው ነው። ለሱ ጊታሩ ሌሊቱን ሙሉ ከቅኝት አለመውጣቱ እንጀራው ነው።

💵 ከ2,500 ዶላር በላይ

ጊብሰን ሌስ ፖል ስታንዳርድ፣ የሜሪላንዱ ዋናው ፒ.አር.ኤስ። ቆንጆ ናቸው፣ ዋጋቸውንም በአንጻሩ ይይዛሉ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እዚህ ደረጃ ላይ ከድምፁ ይልቅ ለስሙ፣ ለውበቱና ለእጅ ሥራው ነው የሚከፈለው። ያለው ይግዛ፣ ያምርበታል። የሌለው ግን ምንም አልቀረበትም።

🔌 ሁሉንም ብር ጊታሩ ላይ አትጨርሱ

የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። የምንሰማው በአምፕሊፋየሩ በኩል ያለፈውን ነው። የ400 ዶላር ጊታር በጥሩ አምፕ፣ የ2,000 ዶላር ጊታርን በመጥፎ አምፕ ያስንቃል። በእጃችሁ 600 ካለ ከ150 እስከ 200ውን ለአምፕ፣ ለገመድና ለትርፍ ክር አስቀሩ።

አምፕ ለጊዜው ካልተቻለ ጊታሩን ከስልክ የሚያገናኝ ትንሽ ኢንተርፌስ አለ፤ አፑ የአምፕን ድምፅ ይሰጣችኋል። አይፎን ላይ ጥሩ ይሠራል። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ክሩን ከነካችሁ በኋላ ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል፤ ይሄ ሪትም ያስታል። ከመግዛታችሁ በፊት የናንተ ስልክ ላይ መሥራቱን አጣሩ።

⚡ 120 ቮልት፦ የብዙ አምፕ መቃብር

ጊታሩ ራሱ መብራት አይፈልግም፤ ተራው ፒክአፕ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ነው። ከየትም ቢመጣ ይሠራል። አምፑ ግን ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ሶኬቱ ብቻ ተቀይሮ ግድግዳ ላይ ከተሰካ፣ ፊውዙ ብቻ የተቃጠለ እንደሆነ እድለኛ ናችሁ። አለበለዚያ ትራንስፎርመሩ ይሄዳል።

ስለዚህ አምፑ ጀርባ ወይም አዳፕተሩ ላይ «100-240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አጎት ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። «120» ብቻ ካለ ወይ ተዉት፣ ወይ አቅሙ የሚበቃ ማውረጃ ትራንስፎርመር አዘጋጁ። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ይሄ ስጋት የለም፤ የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ ነው የሚለየው።

✈️ ሻንጣ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ፌንደር፣ ስኳየር እና ፓሲፊካ አንገታቸው በብሎን የታሰረ ነው። ክሩ ላልቶ፣ አራቱ ብሎኖች ተፈተው፣ አካሉና አንገቱ ለየብቻ በልብስ ተጠቅልለው ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። እዚህ ሲደርስ መልሶ ማሰር ነው። ጊብሰን፣ ኤፒፎን ሌስ ፖል እና አብዛኞቹ ፒ.አር.ኤስ ግን አንገታቸው በሙጫ የተያያዘ ነው፤ አይፈቱም። የጊብሰን ጭንቅላት ደግሞ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል ከወደቀ በቀላሉ ከአንገቱ ይሰበራል። ጠንካራ ሳጥን ከሌለው ጭነት ውስጥ አታስገቡት። የጉምሩክ ደንቡንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

⚠️ «ጊብሰን በ300 ዶላር!»

የለም። ኦንላይን ላይ አዲስ ሌስ ፖል በዚህ ዋጋ ካያችሁ ፎርጅድ ነው። ምልክቶቹ፦ ጭንቅላቱ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን በእውነተኛው ጊብሰን ላይ በሁለት ብሎን ነው የምትታሰረው፤ ፎርጅዱ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ነው። ከጭንቅላቱ ጀርባ የሴሪያል ቁጥሩና «ሜድ ኢን ዩ.ኤስ.ኤ» የሚለው በአብዛኛው እንጨቱ ውስጥ ተጭኖ የተቀረጸ ነው። በ300 ዶላር ፎርጅድ ጊብሰን ከመግዛት እውነተኛ ስኳየር ወይም ኤፒፎን መግዛት መቶ ጊዜ ይሻላል። ስሙ ትንሽ ቢሆንም ጊታሩ ውሸት አይደለም።

📲 ለአጎት የምትልኩት መልእክት

«ምን ላምጣልሽ?» ሲሉ ይሄን ኮፒ አድርጋችሁ በራሳችሁ በጀት አስተካክላችሁ ላኩ፦

«እንደምን ነህ ጋሼ? ከተመቸህ ያማሃ ፓሲፊካ 112 ወይም ስኳየር ክላሲክ ቫይብ ብታመጣልኝ ደስ ይለኛል። ያገለገለም ችግር የለውም፤ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ፍሬቱ ያልተበላ ይሁን። ከሱ ጋር ሦስት እሽግ ክር፣ ቁጥሩ 009 ወይም 010። አምፕ አታምጣ፣ መብራቱ አይገጥምም። ሻንጣ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ እነግርሃለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ!»

ያኔ አጎት ዋጋውን ሲያይ አይደነግጥም። ጫማውም ይቀራል። 😄

እናንተስ የመጀመሪያ ጊታራችሁ ምን ነበር? አሁን መልሳችሁ ብትገዙ ያንኑ ትመርጡ ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ልምዳችሁ ለሚቀጥለው ገዢ ይጠቅማል።