ከ17 ይልቅ አንቀጽ 19

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ ሐይቅ ከተማ ይገባል፤ ከዚያ ወደ አምባሰል ዘልቆ ውጫሌን ያገኛል። ከውጫሌ አቅራቢያ ይስማ ንጉሥ የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ 20 አንቀጽ ያለውን የውጫሌን ውል የተዋዋሉት እዚያ ነው።

አንቀጽ 17ን ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። አማርኛው፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ደግሞ በኢጣልያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል ይላል። አማርኛው ቢፈልጉ ነው፤ ጣልያንኛው ቢፈልጉም ባይፈልጉም። ሮማ በ1882 ዓ.ም. የበርሊኑን ጉባኤ ውል ጠቅሳ ኢትዮጵያ በእኔ ሥር ናት ስትል ለኃያላኑ አስታወቀች። ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ለአውሮፓ ነገሥታት የጻፉት ደብዳቤ፣ መላላክ ያለብን በኢጣልያ በኩል ነው የሚል መልስ ይዞ ሲመለስ ነው። በየካቲት 1885 ውሉን አፈረሱ። የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ሆነ፤ በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ስምምነት የውጫሌን ውል ሻረው።

ሕግ ለሚማር ሰው ግን ከ17 ይልቅ አንቀጽ 19 ነው የሚጥመው። እሱን ብዙ ሰው አያነሣውም። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ ተጽፏል፣ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም ይስማማሉ፣ ስለዚህ ሁለቱም እኩል ይታመናሉ። ቃሉ ቢለያይ የትኛው ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ አልተቀመጠም። ጥያቄው አይነሣም ተብሎ ተፈረመ። ስለ ብዙ ቋንቋ ውሎች አተረጓጎም ዓለም በጽሑፍ የተስማማው ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. በወጣው የቪየና የስምምነቶች ሕግ፣ አንቀጽ 33 ላይ ነው።

ዛሬ አንድ የሐይቅ ወይም የውጫሌ ልጅ ሕግ ልማር ብሎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሕግ የለበትም። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ስለተመለሰ ሎጂክ፣ የእንግሊዝኛ ተግባቦት፣ ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂና ሒሳብ ይወስዳል። የሕግ መግቢያ፣ ሕገ መንግሥት፣ የሰዎች ሕግ፣ የውል ሕግ ኋላ ይመጣሉ። የሎጂክ መምህሩ አንድን ቃል በሁለት ፍች እያምታቱ መከራከር ስሕተት ነው ብሎ ሲያስተምር፣ ምሳሌው ከተማሪው ቀዬ አውቶቡስ በሚያልፍበት መንገድ ዳር አለ። ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ማዶ መጽሐፍ ነው የሚመጣው።

አገሪቱ በወረቀት ላይ የውጫሌን ቀዳዳ የደፈነች ትመስላለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ደንግጓል። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ቢለያዩ አማርኛው ይጸናል። የአማራ ክልል ፍርድ ቤቶችም በአብዛኛው የሚሠሩት በአማርኛ ነው።

ክፍል ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። መማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም እንዲሁ። ይህ ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን፣ 3,367 አንቀጽ ያለውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ ያረቀቁትም በፈረንሳይኛ ነው። አማርኛውም እንግሊዝኛውም ከዚያ የተመለሱ ናቸው። እንግዲህ ተማሪው የሚያጠናው አንዱን ትርጉም ነው፤ ዳኛው የሚፈርደው በሌላው።

ልዩነቱ ችሎት ፊት ይታያል። ስለ «ፔሪየድ ኦፍ ሊሚቴሽን»፣ ክስ ስለሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ደብተር ሙሉ ማስታወሻ የያዘ ምሩቅ፣ ዳኛው «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አለህ?» ሲሉት በአእምሮው መተርጎም ይጀምራል። ከፍርድ ቤቱ በር ውጭ ጥላ ሥር የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ዲግሪ የለው ይሆናል፤ እሱ ግን «ክሱ በይርጋ ይታገዳል» ብሎ ሳያመነታ ይጽፋል። ቃሉ ራሱ አስተማሪ ነው። ይርጋ ማለት የቆየ ነገር ይርጋ፣ ዝቃጩ አይናወጥ ማለት ነው። መምህሩ በአንድ ሰዓት ሌክቸር የሚያስረዳውን ምክንያት አማርኛው በሦስት ፊደል ተሸክሞታል። ጣልቃ ገብ፣ አፈጻጸም፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ተማሪው ግን እነዚህን ቃላት ተመርቆ ከወጣ በኋላ እንደ እንግዳ ይተዋወቃቸዋል።

የሕግ ታሪክ ትምህርትም ከዚህ አያመልጥም። ተማሪው የሮማን ሕግ፣ ኮመን ሎውንና ሲቪል ሎውን ይለያል፤ መለየትም አለበት። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ከከተማው አጠገብ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያሠሩት ወንጌል ዛሬም አለ፤ በውስጡ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቧል። የርስትና የጉልት ስጦታን በወንጌል ላይ መጻፍ የቆየ የአገራችን ልማድ ነው፤ የሚዳፈረው እንዳይኖር ተብሎ። መዝገብ፣ ማስረጃ፣ የባለቤትነት ማረጋገጫ የምንላቸው ነገሮች እዚያ ብራና ላይ ቀድመው ነበሩ። አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በየፍቹ የሚመረምሩት የትርጓሜ መምህራንም፣ የሕግ ተማሪ ስለ አተረጓጎም የሚጠይቀውን ጥያቄ ቀድመው ጠይቀዋል።

በሌላ በኩል ሕጉ ሁሉ ከወረቀት አይነበብም። በሐይቅ ዙሪያ ሙስሊሙ የጋብቻና የውርስ ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊወስድ ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ 5 ተከራካሪዎቹ እስከተስማሙ ድረስ ይፈቅዳል። ወሎ ውስጥ ደም የሚያደርቁ፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የሚያስታርቁ አባጋሮች አሉ። አባጋሩ ፊት የቀረበ ገበሬ ነገሩን የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ሞጁል ቃል አይደለም።

ታዲያ እንግሊዝኛው ይውጣ? እንዲህ ቀላል አይደለም። ደሴ በሚገኘው በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክፍል የሚቀመጠው የአምባሰል ልጅ ብቻ አይደለም። ከኦሮሚያ የመጣው ነገ በአፋን ኦሮሞ ይከራከራል፤ ከትግራይ የመጣው በትግርኛ። ለእነሱ አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ ማድረግ ችግሩን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዞር ነው። የዓለም ንግድ ውልና የሰብአዊ መብት ሰነድም በእንግሊዝኛ በብዛት ይገኛል።

የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ከመጀመሪያው የሕግ ትምህርት ጀምሮ ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ይቀመጡ። የውል ሕግ ተማሪ የአማርኛውን አንቀጽ ሳያነብ ስለ እንግሊዝኛው አይፈተን። «ሜይ» ባለበት «ይችላል»፣ «ሻል» ባለበት «ይገባል» መኖሩን በጣቱ እየነካ ይመርምር። የልምምድ ችሎቱ ተማሪው ነገ በሚቆምበት ችሎት ቋንቋ ይሁን። የፌዴራል ሰበር ችሎት ውሳኔዎች የተጻፉት በአማርኛ ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ቢያንስ አምስት ዳኞች ተቀምጠው የሰጡት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። እነዚህን ውሳኔዎች ለማንበብ እስከ መጨረሻው ዓመት መጠበቅ አያሻም።

የአማርኛው «ውል» ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሰዎች የሚተሳሰሩበት ስምምነት፣ ሌላው የልቃቂት ጫፍ። ጫፉ የጠፋበት ልቃቂት በጎተቱት ቁጥር ይጠብቃል። የአንቶኔሊ ውል ውሉ የጠፋው አንቀጽ 17 ላይ ነው እንላለን። ጫፉ የተሰወረው ግን «ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም ይስማማሉ» ተብሎ ሳይመረመር የተፈረመ ጊዜ ነው። በእንግሊዝኛ ተምሮ በአማርኛ የሚፈርድ ዳኛ የሚያወጣው የሕግ ትምህርት ቤትም፣ በየዓመቱ ያንኑ አንቀጽ 19 ይፈርማል።