አሮጌው ኮምፒውተር የቤት ሙዚቃ ማኅደር ሲሆን

በሐይቅ ወይም በውጫሌ አንድ ቤት ገብተው «ዘፈኑ የት ነው ያለው?» ቢሉ መልሱ ብዙ ነው። ጥቂቱ በአባት ካሴቶች፣ ጥቂቱ በልጆች ስልክ፣ የቀረው ደግሞ ከሙዚቃ ቤት ተጭኖ በመጣ ፍላሽ ላይ ይገኛል። የማሪቱ ለገሰ አምባሰል፣ መንዙማው፣ የበዓል መዝሙሩ፣ በሠርግ ቀን በቴፕ የተቀዳው የአያት ድምፅ ሁሉም በየፊናው ተበትኗል። ፍላሹ ሲበላሽ ወይም ስልኩ ሲጠፋ በላዩ የነበረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ አሮጌ ኮምፒውተር ካለዎት ግን ይህን ሁሉ ሰብስቦ ለቤተሰቡ ማሰማት ይችላል።

አሠራሩ

ዘፈኖቹ በኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ኮምፒውተሩ ከቤቱ ዋይፋይ ራውተር ጋር ይያያዛል። በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ ዘፈኑን ከኮምፒውተሩ እየጠራ ያጫውታል። ለሌሎች መሣሪያዎች እንዲህ የሚያገለግል ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል። ለማዳመጥ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ዳታም አይቆርጥም። ኢንተርኔት የሚፈለገው መጀመሪያ ፕሮግራሙን ለማውረድ ነው።

የትኛው ኮምፒውተር ይሆናል?

ዘፈን ማቀበል ቀላል ሥራ ስለሆነ 2 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ይበቃል፤ 4 ከሆነ እሰየው። ምርጫ ካለዎት ላፕቶፑን ይያዙ። ከዴስክቶፕ ያነሰ መብራት ይበላል፤ ባትሪው ጥቂት እንኳ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ መብራት ድንገት ሲሄድ ኮምፒውተሩ እንደበራ ስለሚቆይ ሃርድ ዲስኩን ከጉዳት ያድነዋል። ባትሪው ካበጠ ግን ለአደጋ ስለሚዳርግ ያስወጡት። ክዳኑ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ እንዳይተኛም ከሴቲንጉ ያስተካክሉ።

ቀላሉ መንገድ የሙዚቃውን ፎልደር በዊንዶውስ ሼር ማድረግና በስልክ ላይ ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ መክፈት ነው። የተሻለ የሚፈልግ ደግሞ ዊንዶውስ በአሮጌው ማሽን ላይ ከከበደ በምትኩ ሊኑክስ ይጭናል፤ በላዩም ዘፈኑን ለስልኮች የሚያቀብለውን ናቪድሮም የተባለ ነፃ ፕሮግራም ይጨምራል። ከዚያ በስልኩ ብራውዘር ላይ የኮምፒውተሩን አድራሻና የናቪድሮምን በር ቁጥር 4533 ሲጽፉ የዘፋኞቹ ዝርዝር ይመጣል። የኮምፒውተር ጠጋኝ ለሚያውቅ ሰው ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከካሴት ወደ ኮምፒውተር

ጊዜ የሚወስደው ካሴቱ ነው፤ የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ መጫወት አለበት። መጀመሪያ የቴፑን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረጉ። ክሩ ከላላ በቀዳዳው ቢክ እስክሪብቶ አስገብተው ቀስ እያሉ ያጥብቁት። በሁለቱም ጫፍ ጃክ ያለው ገመድ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ ይሰኩ። በዴስክቶፕ ላይ ገመዱ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ በሆነው ቀዳዳ ነው። ላፕቶፑ የማይክራፎን ቀዳዳ ብቻ ካለው በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ ካርድ ይግዙ፤ በማይክራፎኑ በኩል የገባ ዘፈን ይሻክራል።

ለመቅዳት ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የድምፅ መለኪያው ቀዩ ጋ እንዳይደርስ የቴፑን ድምፅ ዝቅ ያድርጉ፤ ከልክ በላይ ገብቶ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። የተቀዳውን በፍላክ ያስቀምጡ። ፍላክ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ ፋይሉን ያሳንሳል፤ አንድ ካሴት ከ300 እስከ 400 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 500 ጊጋባይት ያለው አሮጌ ዲስክ ከ1,000 በላይ ካሴት ይችላል ማለት ነው።

ስም ያልተጻፈለት ይጠፋል

በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መጻሕፍት ሲሰጡ ዝርዝራቸው በወንጌላቸው ላይ ተጽፎ ቀርቷል። ዛሬ ምን እንደነበረ የምናውቀው በዚያ ዝርዝር ነው። የእርስዎም ስብስብ ዝርዝር ይፈልጋል። «ትራክ 01» የሚል ፋይል ከአምስት ዓመት በኋላ ለማንም አይናገርም።

ኦዳሲቲ ፋይሉን ሲያወጣ የዘፋኝ፣ የዘፈን፣ የዓመትና የዘውግ ቦታ ይሰጣል፤ ናቪድሮም የሚያነበውም ይህንን ነው፤ በፎልደሩ ስም ብቻ አይተማመኑ። በዘውጉ ቦታ ቅኝቱን ይጻፉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ከዚያ አምባሰል ብለው ሲጠሩ በቤቱ ያለው አምባሰል ሁሉ በተርታ ይመጣል። አጻጻፉም አንድ ይሁን። «ዓለሙ» እና «አለሙ» ለእኛ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛ ቅጂ

አሮጌ ዲስክ አንድ ቀን ይሞታል። ስለዚህ የሁሉንም ቅጂ በሌላ ዲስክ አድርገው ደሴ ወይም አዲስ አበባ ባለ ዘመድ ቤት ያስቀምጡ። ከገበያ የገዙትን ካሴት ለግል አገልግሎት አንድ ቅጂ መገልበጥን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይፈቅዳል፤ አባዝቶ መሸጥ ግን የዘፋኙን እንጀራ መንካት ነው።

የት ልጀምር ካሉ፣ ከታወቀው ዘፈን አይጀምሩ። የማሪቱ ካሴት ቢበጠስ ሌላ ሰው ጋ ይገኛል። በቤትዎ ሠርግ አያትዎ ያንጎራጎሩበት፣ መሸፈኛው ላይ በእስክሪብቶ ቀን ብቻ የተጻፈበት ካሴት ግን በዓለም ላይ አንድ ነው። እሱን ዛሬ ይገልብጡ። በላዩም የአያትዎን ሙሉ ስም ይጻፉ።