ቅባትና ውሃ የማይዋሐዱበት ምክንያት፦ ለሺያ ቅቤ አዘገጃጀት የሚሰጠው ጥቅም

የሺያ ዛፍ በጋምቤላ ክልል ቆላማ ቦታዎች ይበቅላል። በጎረቤት ደቡብ ሱዳን «ሉሉ» ይባላል። ከፍሬው አስኳል የሚወጣው ቅቤ ለምግብና ለገላ ቅባት ይውላል። ይሁን እንጂ ውሃው ተሟጦ ያልወጣለት ቅቤ በአካባቢው ሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ የእናቶች ድካም ከንቱ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱንና መከላከያውን ለልማት ሠራተኞች ያስረዳል።

ስለ ትስስር

ሁለት አቶሞች ኤሌክትሮኖችን በጋራ ሲይዙ ኮቫለንት ትስስር ይፈጠራል። አያያዛቸው ግን ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ኤሌክትሮን የመሳብ ኃይል በፖሊንግ መለኪያ ለኦክሲጅን 3.44፣ ለካርቦን 2.55፣ ለሃይድሮጅን 2.20 ነው። በውሃ ውስጥ ኦክሲጅን ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ስለሚስብ እርሱ በከፊል ኔጋቲቭ፣ ሃይድሮጅኖቹ ደግሞ በከፊል ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ይህ ዋልታዊ ትስስር ይባላል። የውሃ ሞለኪውል ጎበጥ ያለ ቅርጽ ስላለው በጠቅላላው ዋልታዊ ነው።

በቅቤ ውስጥ ባሉት ረጃጅም ሰንሰለቶች ግን ካርቦንና ሃይድሮጅን በመሳብ ኃይላቸው ስለሚቀራረቡ ትስስራቸው ዋልታዊ እንዳልሆነ ይቆጠራል። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ቅባቱን በመካከላቸው አያስገቡም። ስለሆነም ሁለቱ አይዋሐዱም። ቅባቱ ከውሃ ስለሚቀል ደግሞ ከላይ ይንሳፈፋል።

በሥራ ላይ ሲውል

1. የደረቀው አስኳል ተቆልቶ ይወቀጣል፤ ከላመ በኋላ በውሃ ይፈላል።

2. የተንሳፈፈው ቅባት ተገፍፎ ወደ ንጹሕ ድስት ይገለበጣል። ከቅባቱ ጋር ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች አብረው እንደሚወጡ ማስታወስ ያስፈልጋል።

3. ቅባቱ እንደ ላም ቅቤ በመጠነኛ እሳት ይነጠራል። በመጀመሪያ የሚሰማው መንጣጣት የውሃው ጠብታዎች ወደ እንፋሎት ሲለወጡ የሚፈጥሩት ነው። ድምፁና አረፋው ሲያቆም ውሃው ስላለቀ ወዲያውኑ ከእሳት ይውረድ፤ ከመጠን በላይ ማጋልም ቅቤውን ያበላሻል።

4. በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ።

ውሃ በቅቤው ውስጥ ከቀረ ሻጋታ ይመቸዋል፤ ቅባቱም ወደ ፋቲ አሲዶች እየተከፋፈለ ጣዕሙና ሽታው ይለወጣል። ስለዚህ በደንብ የተነጠረ ቅቤ እንኳ በእርጥብ ማንኪያ ፈጽሞ መጨለፍ የለበትም።