ከ48 ሰዓት በኋላ

በቀድሞው የሀገራችን ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይቀርቡ ነበር። ያሰረ አብሮ ስለሚታሰር ጉዳዩ ቢጓተት ለከሳሹም አይበጀውም። ዛሬ በወንጀል ጉዳይ ከሳሹ መንግሥት ነው፤ ከማንም ጋር አይቆራኝም። በቁራኛው ፋንታ ሕጉ የጣለበት ግዴታ፣ ሰው ሲይዝ ለምን እንደያዘ መናገርና ምክንያቱን ለዳኛ ሚዛን ማቅረብ ነው።

ግዴታው የቆየ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዝዟል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የቀድሞውን መንግሥት ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ሲረሽን፣ ምክንያቱን የማይጠየቅ ሥልጣን የት እንደሚደርስ ሀገር አየ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የ48 ሰዓቱን ገደብ አጸና፤ ተያዡ የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ ፖሊስ በጊዜው ካላቀረበውም አካሉ ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን እንዲጠይቅ መብት ሰጠው።

ጣጣው የሚመጣው ከ48 ሰዓት በኋላ ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 ለምርመራ የሚሰጠው ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይላል። ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አይወስንም። የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ ደግሞ አንዱን ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ አድርጎ ጠቅላላውን እስከ አራት ወር አድርሶት ነበር፤ አዋጁ በ2012 ዓ.ም. ተሽሯል። ችሎት የተከታተለ ሰው የመርማሪዎችን ቃል በቃሉ ያውቀዋል፦ ግብረ አበሮች አልተያዙም፣ የምስክሮች ቃል ይቀራል፣ በዋስ ቢወጣ ማስረጃ ያጠፋል። ምርመራ በእርግጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ የባንክ ሰነድም የአስከሬን ምርመራም በአንድ ቀን አይደርስም። ነገር ግን በማንኛውም መዝገብ ላይ ሳይለወጥ የሚነበብ ምክንያት ስለዚህ ተጠርጣሪ ምንም አይናገርም። ዳኛውም የሚመዝነው ነገር ያጣል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ይህ የዳኛ ሚዛንም ይጠብባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በምንም ሁኔታ እንዳይነኩ ከለያቸው ድንጋጌዎች ውስጥ አንቀጽ 19 የለም። ይሁንና አርቃቂዎቹ ምክንያት የመስጠቱን ግዴታ ጨርሰው አልተዉትም። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ፣ በአዋጁ የታሰሩትን ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ እንዲገልጽ ታዟል። ከ2009 እስከ 2015 ዓ.ም. አዋጁ ተደጋግሞ ሲታወጅ፣ ዜጋው ቦርዱን የሚለካበት መስፈርት በዚያው በሕገ መንግሥቱ ተጽፎ ነበር። ምን ያህል ታሰሩ የሚል ቁጥር ብቻውን መስፈርቱን አያሟላም፤ እገሌ በዚህ ምክንያት ታሰረ መባል አለበት።

ከአዋጅ ውጭ ባለው ጊዜ ሥራው የሚወድቀው በዳኛው ላይ ነው። ሁለተኛ ቀጠሮ ሲጠየቅ፣ ባለፈው 14 ቀን ምን ተሠራ? የቀረውን ለመጨረስ የዚህ ሰው መታሰር ለምን ያስፈልጋል? ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ከነውሳኔው ምክንያት በመዝገብ ማስፈር አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። ይግባኝ ሰሚው ሊያርመው የሚችለውም ምክንያቱ የተጻፈ ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። ፖሊስ መልስ ካጣ ተጠርጣሪው በዋስ ይውጣ፤ ምርመራው ግን ይቀጥል።